ዶሴው የተመራለት ሰው

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ የከተማችን ሰው ሁሉ ስለ ጉዞዬ መስማት ይፈልጋል። ለሃያ ሦስት ዓመት ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች አሁን በሬን እያንኳኩ «አውሮፕላኑ አላስፈራሽም?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሻይ እያፈላሁ መተረክ አልችልም። አንድ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ ያነበበ ላላነበበ ይንገር። የከተማዋን ስም ግን አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ምንም አይጎድልበትም።

የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ ፊታውራሪ መንበሩ የአውራጃችን ገዢ ሳሉ እኔ የመዝገብ ቤታቸው ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ አንድ አባወራዎች የመስኖ ውኃችንን ተቀማን ብለው ያቀረቡት አቤቱታ ከነዶሴው ጠፋ። ከዋና ከተማ መርማሪ መጣ፤ ጥፋቱ የመዝገብ ቤቷ ነው ተባለና ተባረርኩ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ያለው ወሬ «አስካለ ጉቦ በልታ የድሃ ወረቀት ሸጠች» የሚል ነበር። አባቴ ይህን ሰምቶ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ ሞተ። ዶሴውን የወሰዱት ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው። ይህን በገዛ እጃቸው ጽፈው እንዲሰጡኝ ነው ባሕር ያቋረጥኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሰላማዊት፣ ፊታውራሪ አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ ከልጃቸው ጋር እንዳሉና ሰማንያ ዓመት እንደሞላቸው ጽፋልኝ ነበር። በሰማንያ ዓመት ቀጠሮ አይያዝምና ቸኮልኩ። ጊዜው ጥቅምት 1988 ነበር።

ሰኞ

ሻንጣዬን እስከ አውቶቡስ እሸከምልሻለሁ ያለው የአጎቴ ልጅ አልመጣም። ስሙን ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ይቅር። ለኩንታል ተሸካሚ ከፍዬ አስይዤው ሄድኩ።

ከአዲስ አበባ በምሽት ተነሣን። ከተማችን ከፍታ ላይ ናትና ጉም ከእግሬ በታች ተኝቶ ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ በመስኮቱ ያየሁትን ምን ብዬ ልጻፈው? ዳር የሌለው ደመና ከታች ተዘርግቶ፣ ፀሐይ ከጎን መትታው፣ ታርሶ የተከሰከሰ ማሳ መስሏል። ገበሬ የሌለው ማሳ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ቀስቅሼ «እይ!» ልለው እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ሰው ሳልነካ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ማክሰኞ

አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ከቀትር በኋላ ዋሽንግተን ደረስን። ዕቃ ፈታሿ ሻንጣዬን ከፍታ የበሶውን ላስቲክ አገኘችው። ሦስት ኪሎ ነጣ ያለ ዱቄት። በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው፣ ሌላ ሰው ጠራች፤ ያም ውሻ ይዞ መጣ። በእንግሊዝኛ ይጠይቁኛል፤ እኔም የትምህርት ቤቱን እንግሊዝኛ ከየት አባቱ ላምጣው? ሰውን ማሳመኛው መብላት ነው ብዬ አንድ እፍኝ ዘግኜ ቃምኩት። ደረቅ በሶ የቃመ ያውቀዋል፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ አሳለኝ፣ እንባዬ ወረደ፣ ፈታሿ ላይ ዱቄት ነፋሁባት። ሴትዮዋ ሮጣ ውኃ አመጣችልኝ፤ ጀርባዬንም መታ መታ አደረገችኝ። ልብሷን ሳታራግፍ ሻንጣዬን ራሷ ዘግታ፣ እስከ በሩ ገፍታ ሸኘችኝ። በእኛ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ አቧራ ቢነፋብን ኖሮ ምን እንደምናደርገው አውቃለሁ።

ሰላማዊትና ባሏ ዳንኤል አበባ ይዘው ቆመዋል። ዳንኤል ታክሲ ነጂ ነው።

«እትዬ፣ ቤልቱን ይሰሩ፤ ፖሊስ የቅጣት ቲኬት ይሰጠኛል» አለኝ።

በእያንዳንዱ አቅጣጫ አራት መኪና ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ ነው፤ አንድም ጡሩምባ አይሰማም። ግራና ቀኙ ደን ብቻ። ከተማው መቼ ይጀምራል እያልኩ ስጠብቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን ተባለ። ደኑ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ የነደደ ፍም የመሰለ ነው። እኛ ዘንድ ቅጠል እንዲህ የሚሆነው ሲታመም ነው።

«ይህ ሁሉ ዛፍ ምን አገኘው?» አልኩ።

ዳንኤል ሳቀ። «ምንም አልሆነ። ፎል የሚሉት ወቅት ነው፤ በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል።»

«የማን ነው ደኑ?»

«የማንም አይደለም እትዬ፣ የመንገዱ ነው።»

ለመንገድ ደን የሚሰጥ አገር! እኛ አንድ ባሕር ዛፍ የቆረጠውን ሰው ዶሴ ከፍተን ሁለት ዓመት እናመላልሰው ነበር።

ረቡዕ

ሁለቱም ለሥራ ሲወጡ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ቆሻሻውን ላውጣ ብዬ ስወጣ በሩ ከኋላዬ ራሱን ቆለፈ። የእኛ በር ሰው ካልቆለፈው አይቆለፍም። በቤት ጫማና በነጠላ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ፊት ለፊት የምትኖረው ሴት ብቅ ብላ አየችኝ፤ ከሳልቫዶር የመጣች መሆኗን በኋላ ነው የሰማሁት። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ። እጄን ይዛ አስገባችኝ። ውስጡ ባቄላ ያለበት ወፍራም የበቆሎ ቂጣ ጋግራ አበላችኝ፤ የልጆቿን ፎቶግራፍ አሳየችኝ፤ አንደኛው ጋ ስትደርስ አለቀሰች፤ እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ አለቀስኩ። ሰላማዊት እስክትመጣ አምስት ሰዓት እዚያው ዋልኩ።

«ሎክድ አውት ሆነው ነው? ታዲያ ኮል አያደርጉኝም?»

«በምን? በነጠላዬ?»

ማታ ራት ላይ ሰላማዊት ስትፈራ ስትቸር ተናገረች። «እትዬ፣ ፊታውራሪን ኮሚኒቲው በጣም ነው ሪስፔክት የሚያደርጋቸው። ስለ አንድ የጥንት ገዢ ብዙ ሪሰርች አድርገው፣ እሁድ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሽማግሌዎቹ ንግግር ያደርጋሉ። እባክዎ ሰው ፊት ምንም እንዳይሉ።»

«እኔ ከእሳቸው የምፈልገው ንግግር አይደለም» አልኳት። «አራት መስመር ጽሑፍ ነው።»

ሐሙስ

ሰላማዊት ፈቃድ ወስዳ በባቡር ወሰደችኝ። መሬት ውስጥ ገብተን ባቡር ስንቀይር ደረጃው ይሄዳል፤ ሰው ቆሞ ደረጃው ነው የሚራመደው። እግሬ እምቢ አለ። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ፤ ማንም አልተሳደበም። የባቡር ጣቢያ ልብስ የለበሰች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መጥታ ክንዴን ያዘች። «ከም ኦን፣ ማማ» አለችኝና አብራኝ ረገጠች። እታች እስክንደርስ አለቀቀችኝም። ስታወርደኝ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ነበርኩ፤ ጣሪያው እንደ ቤተ መቅደስ ከፍ ያለ፣ ከአንድ ሙሉ ድንጋይ የተጠረበ የሚመስል፣ ድምፅ ሁሉ የሚለሰልስበት። ይህን ሁሉ የሠሩት ሰው ወደ ሥራው እንዲሄድበት ብቻ ነው!

ከዚያ ባቡሩ ድንገት ከመሬት ወጣና ወንዝ ላይ ተንሳፈፈ። ፖቶማክ ይሉታል። ዓባይን በረሃው ላይ አውቀዋለሁ፤ እንደተቆጣ ሰው ነው። ይህኛው ግን እስከ ሰማይ ጠርዝ ተንጣልሎ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ውኃ ሳይጣላ ትልቅ መሆን እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

አሌክሳንድሪያ ጡብ የተነጠፈባት፣ ጠባብ ጠባብ ቤቶች የተደረደሩባት ከተማ ናት። ሁለት መቶ ዓመት ለሆነው ቤት በሩ ላይ ሰሌዳ ለጥፈውለታል። እኛ ዘንድ ያን ያህል የቆየውን ግንብ ልጆች ይፀዳዱበታል።

ፊታውራሪ ከወንበራቸው ተነሡልኝ። ይህን አልጠበቅሁም። ጎብጠዋል፤ የሱፍ ሹራብ ለብሰዋል፤ ጆሯቸው ውስጥ ማዳመጫ አለ።

«አስካለ! የመዝገብ ቤቷ አስካለ! አንቺ ዛሬም አልሸበትሽም?»

«ሸብቻለሁ ፊታውራሪ። ሻሽ ነው።»

ሳቁ። ልጃቸው ሶስና ነርስ ናት፤ እንደ እናቷ ለዘብ ያለች። ዓሣና ሽሮ አቀረበችልን፤ እያጎረሰች፣ እንቢ ስል «በሞቴ» እያለች። ምግቡ ግሩም ነበር። ጣፈጠኝ ማለት ስላልፈለግሁ ዝም ብዬ በላሁ።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ትልልቅ ፎቶግራፎች ዘረጉ። የተቦጫጨቀ፣ ቡናማ ነገር፤ በላዩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ደቃቅ ጽሑፍ።

ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። ታላቁ እስክንድር ሲሞት የጦር አለቆቹ አገሩን ተከፋፈሉት። ግብፅን የያዘው አለቃና ዘሮቹ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ነገሡ። አገሩን በየአውራጃው ሸንሽነው ለእያንዳንዱ ገዢ ሾሙ። ከእነዚያ ገዢዎች አንዱ ኒቃንድሮስ ይባላል፤ ግሪካዊ ነው። ከእሱ የቀረ ሐውልት የለም፣ ሥዕል የለም። የቀረው አንዲት ባልቴት ያቀረበችለት አቤቱታና እሱ ከግርጌው በእጁ የጻፈው ትእዛዝ ብቻ ነው። ወረቀቱ የተሠራው ጣና ላይ ታንኳ ከሚታሰርበት ከደንገል ነው።

«እንዴት እስካሁን ቆየ?» አልኩ።

«ጉዳዩ ካለቀ በኋላ መዝገብ ቤቱ አሮጌውን ወረቀት ይሸጠዋል። የሚገዙት ሬሳ ገናዦች ናቸው። ደራርበው በሙጫ እያጣበቁ አስከሬን ያለብሱበታል። በደረቅ አሸዋ ውስጥ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዓመት!»

እኔ ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ የእኛ ዶሴዎች በጋሪ ወጥተው ለየሱቁ መከፋፈላቸውን አሰብኩ። አንድ ቀን ስኳር በራሴ የእጅ ጽሑፍ ተጠቅልሎ ተሰጥቶኛል። ስኳሩን ገልብጬ ቁጥሩን አነበብኩት፤ የበሬ ስርቆት ነበር። የእነዚያ ግብፆች ወረቀት ሙታን ላይ ሆኖ ኖረ፤ የእኛው በማግሥቱ እሳት መለኮሻ ሆነ።

ፊታውራሪ ጣታቸውን የፎቶግራፉ ግርጌ ላይ አሳረፉ። «እይ ምን ብሎ እንደመራው! ‹ለመንደሩ ሹም፦ አስታርቃቸው፤ እንቢ ካሉ ወደ እኔ ላካቸው።› በቃ። አልተቆጣም፣ አላሠረም። እኔም እኮ እንዲሁ ነበር የምጽፈው።»

«አዎ» አልኩ። «እንዲሁ ነበር የሚጽፉት።»

ምስጋና መሰላቸው። ፊታቸው በራ።

«የአሥራ አንዱ አባወራ ዶሴስ፣ ፊታውራሪ?»

ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሶስና አቀረቀረች። ጥቂት ቆይተው በራሳቸው ጊዜ መልሰው አደረጉትና፣ ምንም እንዳልተባለ «ነገ ዋናውን አሳይሻለሁ፤ እዚሁ ከተማ ነው ያለው» አሉኝ። ለመርማሪውም እንዲሁ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ማዳመጫ አልነበራቸውም፤ ዝም ብለው መስኮት መስኮት ነበር የሚያዩት።

ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ። ሶስና አልጋዋን ለቀቀችልኝ።

ዓርብ

ቦታው የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ኮረብታ ላይ፣ በዚያው በሚነድ ዛፍ መካከል። የወረቀቶቹ ጠባቂ ማርጋሬት የምትባል ሸበቶ አሜሪካዊት ናት። እጃችንን አስታጠበችን። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ በሁለት መስተዋት መካከል የተጣበቀውን ወረቀት አውጥታ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደምታስተኛ አድርጋ ፊቴ አኖረችው።

እኔ ዕድሜዬን ከወረቀት ጋር ነው የኖርኩት። ወረቀት አያስደንቀኝም እል ነበር። ይህን ግን ትንፋሼ መስተዋቱን እስኪያደበዝዘው ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያን ጊዜ በእኛ አገር ማን ይነግሥ እንደነበር እንኳ አላውቅም። ነገሩ ግን እንዳለ አለ! ከላይ የአቤቱታ ጸሐፊው ጽሑፍ፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል የተሰለፈ፣ በመስመር ቁጥር የሚከፈለው ሰው የጻፈው። ከታች ደግሞ ወፍራም፣ ችኩል፣ የተንጋደደ ሁለት መስመር። ማን ይንገረኝ? ገዢ ነው የጻፈው። ገዢ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው። ፊደሉን ሳላውቅ እጁን አወቅሁት። ከጀርባው ሦስተኛ ሰው በቀጭኑ የጻፋት አንዲት ትንሽ መስመር አለች። እሷን ሳይ እኔን ራሴን ያየሁ መሰለኝ፤ መዝገብ ቤቱ ናት።

«ይቺ ምን ትላለች?» ብዬ በሶስና በኩል ጠየቅሁ።

ማርጋሬት «‹ሆርዮስ ተቀብሏል› ነው የምትለው» አለች። «የመንደሩ ሹም ይሆናል።»

«ባልቴቷ የከሰሰችው ማንን ነው?»

«ጎረቤቷን። አጥሩን ገፍቶ ግቢዬን ወሰደብኝ ትላለች።»

«ስሙ ማን ነው?»

ማርጋሬት ማስታወሻዋን አየች። «እሱም ሆርዮስ ነው። ግን ስሙ በጣም የተለመደ ነው። ይህን ወረቀት የመረመሩት ሁሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ይላሉ፤ ምክንያቱም ባልቴቷ ሹም ነው አላለችም። ሹም ቢሆን ኖሮ ትጽፈው ነበር።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ አልሳቅሁም።

«አትጽፈውማ!» አልኩ። «ሶስና፣ ቃል በቃል ንገሪልኝ። እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ደጅ አራት አቤቱታ ጸሐፊዎች ነበሩ። ድሃ ሰው ሹም ሊከስ ሲመጣ የመጀመሪያ ምክራቸው ‹ሹመቱን ተወው፤ እገሌ የተባለ ሰው በለው› ነው። ገዢው የሾመውን ሹም ከሰስክ ማለት ገዢውን ነካህ ማለት ነውና። ገዢው ስሙን አይቶ ራሱ ይወቀው፤ አንተ አልነገርከውም። የአሥራ አንዱ አባወራ አቤቱታም ‹ደስታ የተባለ ሰው ውኃችንን ጠለፈ› ነበር የሚለው። እኔ ነኝ መዝግቤ የቁጥሩን ማኅተም የመታሁበት። ደስታ ማን ነበር? ግራዝማች ደስታ፣ የወረዳው ገዢ!»

ሶስና መተርጎሟን ትታ አባቷን አየች። ግራዝማች ደስታ የእናቷ ወንድም ነው።

«ተርጉሚላት» አሉ ፊታውራሪ።

ተረጎመችላት። ማርጋሬት መነጽሯን አውልቃ ወረቀቱን ገለበጠች፣ እንደገና ገለበጠች። «እንግዲያው አቤቱታዋ የተመራው…»

«ለከሰሰችው ሰው» አልኩ። «አስታርቅ ተብሎ። ከራሱ ጋር።»

ማርጋሬት ስሜን በየፊደሉ ጠይቃ ካርዱ ላይ ጻፈችው። ግምት ነው፣ ማረጋገጫ የለንም፣ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ከወረቀቱ ጋር ይቀመጣል አለች። የእኔ ስም፣ ከዚያ ወረቀት ጋር፣ በአንድ መሳቢያ!

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ፊታውራሪ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «እኔ ስድስት ዓመት ሳነበው ከርሜ አላየሁትም» አሉ። ቀጥለውም «ለመርማሪው ለምን አልነገርሽውም? መንበሩ ነው የወሰደው ለምን አላልሽም?» አሉኝ።

«እርስዎ በሩ ላይ ቆመው?»

«ቆሜ ነበር እንዴ?»

«ቆመው ነበር። ባርኔጣዎን በእጅዎ ይዘው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አላየሁም አልኩ።»

ወደ ዛፎቹ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ

ዝናብ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሼ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ቅጠሉ በዝናቡ እየረገፈ መኪናዎቹን ሁሉ ወርቅ አለበሳቸው። በስልክ ስታወራ የቆየችው ሰላማዊት ተናድዳ መጣች።

«እትዬ፣ ምን አሏቸው? የነገውን ንግግር ካንስል አደረጉት! ሰው ሁሉ ኢንቫይት ተደርጎ!»

«ስለ አንድ ወረቀት ነው የተነጋገርነው።»

«እኔ እኮ እዚህ ነው የምኖረው። እርስዎ ይሄዳሉ፤ ሰው የሚያየኝ እኔን ነው።»

እውነቷን ነው። የእሳቸው ንግግር መቅረት ግን ደስ አሰኘኝ፤ የደስታዬ ብዛት ራሴን አስፈራኝ። የምሄደው ማክሰኞ ነው፤ አራቱ መስመር ገና አልተጻፈም።

እሁድ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ፊታውራሪ ናቸው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሶስና ክንዳቸውን ይዛ። በሥራ ዘመናችን ወደ መዝገብ ቤቱ የመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለዚያ ዶሴ። ሌላ ጊዜ እኔ ነበርኩ የምጠራው። ሰላማዊት የምታደርገው ጠፍቷት የቤቱን ትራስ ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ደረደረች።

«ወረቀት አምጪ አስካለ» አሉ። «ጻፊውና ልፈርም። እጄ ይንቀጠቀጣል።»

በድሮው ጊዜ ደብዳቤያቸውን ሁሉ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው «እምቢ በይው» ይላሉ፤ እኔ አንድ ገጽ አደርገዋለሁ።

«አይሆንም፤ በእኔ እጅ የተጻፈ ለእኔ ምስክር አይሆንም።»

«አባባ አይችሉም እኮ፣ ስኒ እንኳ…» አለች ሶስና።

«ተዪያት። ሥራዋን ታውቃለች።»

እስክሪብቶውን ያዙ። አንዷን ፊደል ጀምረው እጃቸው ሸሸ፤ በግራቸው ቀኛቸውን ደግፈው ያዙት። ማንም ልርዳዎት አላለም። ዳንኤል ከሥራ ገባ፣ አየን፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆመ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ያን የሚያህል ሰው፣ አውራጃ በአንድ ቃል ያንቀሳቀሰ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እያላበው አራት መስመር ሲጽፍ ማየት ከወንዙም ከባቡሩም ይልቅ አስደነቀኝ። ልጠላቸው ሞከርኩ፤ ለዚያች ሰዓት አልሆነልኝም።

የጻፉት ይህ ነው፦ «የአሥራ አንዱን አባወራ ዶሴ ከመዝገብ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለደስታ ሰጠሁት፤ እሱም አቃጠለው። አስካለ ወልዴ አላጠፋችም፤ ጉቦም አልበላችም። መንበሩ።»

«ቀን ይጻፉበት» አልኩ።

ሳቁ። «ዛሬ በእኛ ስንት ነው?»

ነገርኳቸው፤ ጻፉት። ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞረው «ያ ኒቃንድሮስ ግን ባለማወቅ ይሆናል የመራው» አሉ።

«ሊሆን ይችላል፣ ፊታውራሪ።»

«እኔ አውቄ ነው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ

ስመለስ ሰላማዊት እስከ አውሮፕላኑ አቅፋ ሸኘችኝ፤ ሳልቫዶሯ ሴት የበቆሎ ቂጣ ቋጠረችልኝ። ከተማዬ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዤ፣ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ወደ ገበሬዎቹ መንደር ወረድኩ። ከአሥራ አንዱ አባወራ በሕይወት ያለችው እማማ ተዋበች ብቻ ናት። ደጇ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ፈገግ አላለችም። ተቀመጪም አላለችኝም። ቆሜ አነበብኩላት።

«ይህን ለማምጣት ነው አሜሪካ ድረስ የሄድሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኛማ እሱ መውሰዱን ያኔውኑ አውቀናል። ዶሴ ሸጠች ያለሽ ከተሜው ነው፤ እኛ ብለን አናውቅም።»

«ታዲያ ለምን ሰላምታ ነሳችሁኝ? ገበያ ላይ ስታዩኝ ለምን ፊታችሁን አዞራችሁ?»

«መርማሪው ሲጠይቅሽ አሥራ አንዳችንም መስኮቱ ሥር ተቀምጠን ነበር። አላየሁም ስትይ ሰማን። ውኃው የሄደው ያኔ ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «የእሱን ሰማን። ያንቺስ የታለ?»

ሳልመልስላት ሦስቱን ሰዓት ዳገት ወጣሁ። ለእሷ የሚነበብላት፣ ለከተማውም የሚሆን ያው አንድ ጽሑፍ ነው፤ እነሆ።

ፊታውራሪ መንበሩ ማለዳ መዝገብ ቤት ገብተው ዶሴውን ከመደርደሪያ አንስተው በካፖርታቸው ውስጥ አድርገው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ለመርማሪው አላየሁም ያልኩት ፈርቼ ነው። ማንም አላስገደደኝም። አስካለ ወልዴ።